የአራስ እጅ

ሴት ልጅ በወለድኩ ጊዜ ያየኝ ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ። ከእንግዲህ ከዚህች ክፍል አትወጪም ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ለወንድ ልጅ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ፤ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ እናት ከደጅ አትወጣም። ሥርዓቱን አላውቅም ነበር አልልም፤ አዳማ ባድግም የክርስቲያን ልጅ ነኝ። ግን እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ በረንዳ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ እንደነበር ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። ደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ የቄስ ልጅ አግብቶ መውለድ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ልታርሰኝ ተነሥታ ነበር። ደጀን ድረስ መጥታ፣ መንገድ ተዘግቷል ተብሎ አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በስልክ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። በእሷ ፈንታ የባለቤቴ እናት እማማ እቴናት ከአገራቸው ከአምበር መጡ።

እማማ እቴናት ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልተን በተገላገልኩ። ጓዳዬን በአንድ ቀን ወረሱት። የመኝታ ቤቱን መስኮት ዙሪያውን ጨርቅ ወትፈው ዘጉት፤ ብርድ ይገባል። ውኃ እንዳልነካ ከለከሉኝ፤ እጅ ይበርዳል። አናቴ ላይ ቅቤ ጫኑ፤ ቀልጦ ትራሴ ላይ ሲወርድ ሌላ ጨመሩ። ገንፎ፣ አጥሚት፣ ዶሮ፣ ደግሞ ገንፎ። በቃኝ ስል ለአንች አይደለም፣ ለጡትሽ ነው ይሉኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን ለበዓል የሚቀለብ ሰንጋ የሆንኩ መሰለኝ።

ባለቤቴ ምናለ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነው። ለእኔም ልክ ነሽ ይላል፣ ለእናቱም ልክ ነሽ ይላል፣ ከዚያ ቦርሳውን ይዞ ቢሮው ይሄዳል። ስለ እሱ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ይህ ታሪክ ግን የእሱ አይደለም።

የእኔ ሥራ ምግብ ነው። ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት አስተምራለሁ፣ በተለይ የኦቨን ሥራ፤ ተማሪዎቼ መምህርት ጤናዬ ይሉኛል። የራሴ የኤሌክትሪክ ኦቨንም ሳሎኔ ጥግ ላይ አለ፤ በዚያ ሰሞን ግን ጨርቅ ለብሶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንዳልነካው የተከለከልኩት ለብርዱ ብቻ አይደለም። አራስ ያበሰለችውን ሰው አይበላም። እማማ እቴናት ይህን ሲነግሩኝ በድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ከሰዓት ዝናብ ይጥላል እንደሚሉት ነው ያሉት። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ አየሁት። የኮሌጁ መምህራን በእረፍት ሰዓት ተጋፍተው የሚበሉለት እጅ ነበር። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ አዘንኩ።

የምናለ አባት ቄስ ጸጋው፣ አባባ የምንላቸው፣ በሥርዓት ነገር ከእማማም ይብሳሉ። አምበር አጠገብ ባለች ትንሽ የገጠር ደብር ይቀድሳሉ። ካህን አራስ ቤት አይገባም፣ ከአራስ እጅም አይቀምስም። ከቀመሰ ጠበል ተረጭቶ ንስሐውን እስኪጨርስ መቅደስ አይገባም። እሳቸው የሚያውቁት እንዲህ ነው፣ የኖሩትም እንዲህ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ ሲመጡ ግቢ ይገቡና የመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ይቆማሉ። እኔ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ ሆነን እናወራለን። ልጅቷ ካለቀሰች ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ፊቷን ግን አላዩም። ከቤታቸው ላም ወተት የተሠራውን አይብ በኮባ ጠቅልለው በር ላይ ለእማማ ይሰጡና ይሄዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ችዬው ነበር። ሰማንያ ቀን ያልቃል፤ ያላለቀ ሰማንያ ቀን የለም። ያላስቻለኝ እማማ እቴናት አንድ ቀን አጥሚቱን እያማሰሉ፣ ክርስትናው እንዳለፈ እኔና ልጄ ወደ አምበር እንደምንሄድ ሲነግሩኝ ነው። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኩ። አገር እስኪረጋጋ አሉ። ያ መቼ እንደሆነ ማርቆስ የሚኖር ሰው አይጠይቅም። ምናለ ቢሮ ይውላል፣ እናትሽ መምጣት አልቻለችም፣ እዚህ ሰው የለሽም አሉኝ። ሰው የለሽም የሚለው ነው ያቃጠለኝ፣ እውነት ስለሚመስል። አምበር ከሄድኩ የማስተምረው ክፍል ለሌላ መምህር ይሰጣል፣ ቤታችን ይከራያል፣ እኔም በሰው ጓዳ ውስጥ የልጅ እናት ተብዬ እቀራለሁ። አምበርን ጠልቼ አይደለም። ከገባሁ በኋላ የሚያስወጣኝ ምክንያት የሚጠፋ መስሎ ስለታየኝ ነው። ምናለን ስለምነው አባባ ይወስኑ አለኝ። አባባ ደግሞ ላስብበት፣ በልደታ ዋዜማ መጥቼ ቁርጡን እነግራችኋለሁ ብለው ሄዱ።

የልደታ ዋዜማ ዓርብ ዋለ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ሥጋ ይበላል። ጎረቤት ሰው ሞቶ ስለነበር እማማ እቴናት በጠዋት ለቅሶ ሄዱ፤ ከአልጋ እንዳትወርጅ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ደግመው ነግረውኝ። ምናለ የለም። በእጄ የሆነ ነገር ካልሠራሁ የምታመም መሰለኝና ለእስከዳር ደወልኩላት።

እስከዳር ኮሌጁ ውስጥ አብራኝ የምታስተምር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ማተቧ አንገቷ ላይ ነው፣ ጾም አታፈርስም፤ ከዚያ ያለፈውን ሥርዓት ግን ማንም አላስተማራትም። ከሉካንዳ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ከሱቅ ፎርማጆና የገበታ ቅቤ ይዛ መጣች። የቀረው ሁሉ ቤት አለ። ጨርቁን ከኦቨኑ ላይ ስገፈው የገዛ ዕቃዬን የምሰርቅ መሰለኝ።

የምንሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ተማሪዎቼ ገና እንደገቡ የሚለማመዱት። እስከዳር የኦቨን ሳምቡሳ ትለዋለች። ቀዝቃዛውን ቅቤ ከዱቄቱ ጋር በጣቴ ጫፍ እየፈተግኩ ፍርፋሪ እስኪመስል አሸሁት፤ ጨውና ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሬ ሳላበዛ ለወስኩት። ሊጡ እስኪያርፍ ሥጋውን ከሽንኩርት ጋር ውኃው እስኪመጥ አበሰልኩ፤ ቃሪያና ቁንዶ በርበሬ ጣል አደረግኩበት፤ ከዚያ ሰሐን ላይ ዘርግቼ አቀዘቀዝኩት። ትኩስ ሥጋ ሊጥ ላይ ከተደረገ ቅቤው ይቀልጥና ታቹ ረጥቦ ይላቁጣል። ተማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም በዚያን ቀን ልቸኩል ምንም አልቀረኝም ነበር። የአባባን አይብ በጨርቅ ጨምቄ፣ ፎርማጆውን ፍቄ ከሥጋው ጋር ቀላቀልኩ። ሊጡን ዳምጬ በአራት ማዕዘን ቆራረጥኩት፤ መሐሉን ሞልቼ አጠፍኩና ጠርዙን በሹካ ተጫንኩት። የእንቁላል አስኳል ቀብቼ ወደ ኦቨኑ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤናዬ ነኝ፣ መምህርቷ ጤናዬ፣ ብዬ አሰብኩ። ከደስታዬ ብዛት ዘፈን ቢጤ አዜምኩ።

እስከዳር ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል ብላ ጠየቀችኝ። አንቺና እኔ፣ ከተረፈም ምናለ ለቁርስ አልኳት። ሌላ ሰው ከእጄ እንደማይበላ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። አሳፈረኝና ተውኩት። ለጓደኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

የመጀመሪያው ትሪ እንደወጣ ልጄ አለቀሰች። ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ጡት ሰጠኋት። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ፤ የአባባን ሳል ሰማሁ። እስከዳር እኔ እከፍታለሁ ብላ ወጣች። እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር እስኪመጡ ጠበቅኩ። ቆዩ። የመስኮቱን ጨርቅ ከአንድ ጥግ ሳብ አድርጌ አየሁ።

አባባ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው። እስከዳር እጃቸውን አስታጥባ ስትጨርስ ሰሐን አቀረበችላቸው። የሆነ ነገር ጠየቋት፤ ራሷን ነቅንቃ ሳቀች። በመስቀላቸው ባረኩት። መስኮቱን ማንኳኳት እችል ነበር፣ መጮህ እችል ነበር። ከጮህኩ ደግሞ የሚከተለውን አውቀዋለሁ፤ አራሷ ከአልጋ ወርዳ ጋገረች፣ ብቻዋን አትተውም፣ አምበር። ይህንን በልቤ ብዬ ሳልጨርስ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን አንሥተው ነበር።

ከዚያ ወደ መስኮቴ መጡ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቻቸው አላውቅም። መንገዱ እንዴት እንዳደከማቸው፣ ባጃጅ ጠፍቶ ብዙውን በእግራቸው እንደመጡ፣ ነገ ቅዳሴ ስላለባቸው ከዚህ በኋላ እህል እንደማይቀምሱ፣ እንግዲህ ግን ሳይርባቸው እንደሚያድሩ ነገሩኝ። ሥጋም አይብም እንዳለው፣ እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሰው እንደማያውቁ ጨመሩ። አብስላ ይዛልሽ የመጣችው ልጅ ማን ናት አሉኝ። ጓደኛዬ ናት አልኩ፣ ሌላ ነገር ሳልጨምር።

"ይኸውልሽ ልጀ፣" አሉ፣ "እቴናት እዚህ ሰው የላትም ስትለኝ ልቤ ወደ አምበር አዘንብሎ ነበር። ለካ ሰው አለሽ። እንዲህ ደክማ አብስላ የምትጠይቅሽ እህት ካለችሽ አምበር ምን ይሠራልሻል? እዚሁ ቤትሽ ቅሪ። ለእቴናትም እኔ እነግራታለሁ።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ አልኩ። የለመንኩት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰጠኝ። አባባ ለእማማ እቴናት ሰላምታ ንገሪልኝ፣ ለዋዜማው መድረስ አለብኝ፣ መኪና ሳይጠፋ ልሂድ አሉና ዱላቸውን አነሡ።

እጄ ያረክሳል ብዬ አላምንም። ያን ቀንም አላመንኩም፣ ዛሬም አላምንም። ነገር ግን እሳቸው ያምናሉ። ነገ ጠዋት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ንጹሕ ነኝ ብለው መጋረጃውን ገልጠው ይገባሉ፤ እንዳልሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ በእሳቸው ሕግ። የራሴን እምነት እንደፈለግኩ ማድረግ እችላለሁ። የእሳቸውን ግን በመኝታ ቤቴ መስኮት በኩል ቆሜ ለራሴ ጥቅም ልሸጥባቸው አልቻልኩም። ደግሞም ዝም ብል ቤቴ እቀራለሁ፤ ብናገር አምበር ነኝ። እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ ሰው ሲገባ አእምሮው ብዙ ያስባል ይባላል፤ እኔ ያሰብኩት ጫማቸው ጠጠሩን ሲረግጥ እየራቀ መሄዱን ብቻ ነው።

"አባባ፣" አልኩ ጮክ ብዬ። "የበሉትን የጋገርኩት እኔ ነኝ።"

ጠጠሩ ዝም አለ። ተመልሰው መጡ።

"በእጅሽ?"

"በእጄ። እስከዳር ሥጋውን ነው ያመጣችው። ለእርስዎ እንደማይሰጥ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።"

ቢቆጡኝ በወደድኩ። አልተቆጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ የሚታየኝ የጥምጥማቸው ጫፍ ብቻ ነበር። ስልካቸውን አወጡና አብረዋቸው ለሚቀድሱት ለቄስ እንዳላማው ደወሉ። ነገ መግባት አልችልም፣ ከጎረቤት ደብር ቄስ ፍሥሐን ለምኑልኝ አሉ። ሰውዬው ምክንያቱን ጠየቁ መሰለኝ፤ ከማይበላበት በላሁ አሉ። የእኔን ስም አልጠሩም። የልደታ ዕለት ከዚያች ደብር መቅደስ ቀርተው እንደማያውቁ ምናለ ነግሮኝ ነበር። አፈርኩ። ልጄን አቅፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እስከዳርም የሆነውን ስነግራት ሰሐኑን እንደያዘች አለቀሰች፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽው ሲሏት አዎ ብላቸው ነበር፣ ሥጋውን ማለቷ።

የሳሎኑ በር ተከፈተ። አባባ ጫማቸውን አውልቀው እስከ መኝታ ቤቱ ገቡ። በዚያ ቤት ውስጥ ሲቆሙ ከሠርጋችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው።

"እንግዲህ ከመቅደሱ ከቀረሁ ደጅ የሚያቆመኝ የለም፣" አሉ። "ልጅቷን ስጭኝ።"

ሰጠኋቸው። አያያዙን ያውቁበታል። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው ፊቷን አዩት፣ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። የእናታቸውን ግንባር እንደያዘች ነገሩን። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ሲገባ አልጠረጉትም። እስከዳር ቀስ ብላ ተሰናብታን ወጣች።

እማማ እቴናት ከለቅሶ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት በር ላይ የወለቀውን ጫማ ነው። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ገቡና መኝታ ቤቱ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። አባባ ሁሉንም በአጭሩ ነገሯቸው፤ በላሁ፣ የጋገረችው ጤናዬ ናት፣ ጓደኛዋ ሳታውቅ ሰጠችኝ፣ ነገ አልቀድስም። እማማ እኔን አላዩኝም። ሲናገሩ ወደ ባላቸው ነበር።

"አላልሁዎትም? አንድ ጠዋት ትቻት ብወጣ ይኸው። ይች ልጅ ብቻዋን አትሆንም። ክርስትናው እንዳለፈ አምበር ነው።"

"አምበር አትሄድም፣" አሉ አባባ። ልጅቷን እያወዛወዙ ስለነበር ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "ቤትሽ ቅሪ ብያት ነበር። የፈለገችውን በእጇ ካስገባች በኋላ የቀራት ዝም ማለት ብቻ ነው። እየሄድሁ ጠርታ መለሰችኝ። ዝም ብትል ነገ እንዲህ ሆኘ መቅደስ እገባ ነበር። እንዲህ ላለች ሰው ጠባቂ አያስፈልጋትም።"

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ያፈርኩትን ያህል ደስ አለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ነበርና ማንም አላየኝም። ቀና ስል እማማ እቴናት አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

"ጠባቂ?" አሉ። "እኔ ጠባቂዋ ነኝ እንዴ? ነገ ልደታ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከልደታ ንግሥ ቀርቸ አላውቅም። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ግን ከአራስ ጋር እበላለሁ፣ ከአራስ ጋር አድራለሁ፤ ደጀ ሰላም አልረገጥሁም። ላሜ ስትወልድ አላየሁም። እህቴ ታማ አልጠየቅኋትም። የታሰርሁት እኮ እኔ መስሎኝ ነበር።"

በዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደተዘጋበት ስቆጥር ሁልጊዜ ከራሴ ጀምሬ በራሴ ነበር የምጨርሰው። ይቅር ይበሉኝ እማማ አልኩ፤ አሁንም ድረስ ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

እማማ እቴናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እሽ፣ ትቅር፣" አሉ ለአባባ። "እኔ ግን ሳላስጠምቃት ወዴትም አልሄድም።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው እግሬን በእጃቸው ነኩና፣ ይኸው ቀዝቅዟል ብለው ጋቢውን አለበሱኝ።